የጥናት ውጤትን ለትምህርት ቤት ውሳኔ መጠቀም፦ ለድሬዳዋ ርእሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች የአሠራር መመሪያ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። እንዲህ ያለ ቁጥር በተነገረ ማግስት በየትምህርት ቤቱ አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል። የማጠናከሪያ ትምህርት ይታወጃል፤ ቅዳሜ የሥራ ቀን ይሆናል፤ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ይገለባበጣል። ከእነዚህ ውሳኔዎች ውስጥ ጥሩዎች ይኖራሉ። ነገር ግን ጥሩውን ከመጥፎው የምንለይበት መንገድ ሳናዘጋጅ ስለምንወስን፣ ዓመቱ ሲያልቅ የትኛው እንደጠቀመ መናገር ያቅተናል። ልጆቹ ደግሞ ያንን ዓመት መልሰው አያገኙትም።

ይህ መመሪያ ለርእሰ መምህራን፣ ለምክትሎቻቸው፣ ለክላስተር ሱፐርቫይዘሮችና ለትምህርት ቢሮ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። መነሻ እምነቴ አንድ ነው፦ ጥናት የሚጠቅመው ከውሳኔው በፊት ሲጠራ ነው። ከውሳኔው በኋላ የተጠራ ጥናት የተወሰነውን ከማስዋብ አያልፍም። አካሄዱ ግልጽ እንዲሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ፤ ድሬዳዋ ውስጥ የሚያስተምር ሁሉ የሚያውቀውን፣ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች በሒሳብ ዝቅ ያለ ውጤት የሚያመጡበትን ጉዳይ።

አንደኛ፦ ውሳኔውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

“የተማሪዎችን ውጤት ማሻሻል” የሚለው በየዓመቱ ዕቅድ ላይ የሚሰፍር ምኞት ነው፤ ምንም ጥናት አይመልሰውም። “በሚቀጥለው ዓመት በከሰዓት ፈረቃ ለ7ኛ ክፍል ሒሳብ በስንተኛው ክፍለ ጊዜ ይሰጥ?” የሚለው ግን ውሳኔ ነው። ማን እንደሚወስነው፣ መቼ እንደሚወሰንና ምን እንደሚያስወጣ መናገር ይቻላል።

ሲጽፉ በእጅዎ ያለውንና የሌለውን ይለዩ። ሥርዓተ ትምህርቱን፣ የማስተማሪያ ቋንቋውን፣ የመምህራን ቅጥሩን ርእሰ መምህር አይወስንም። የክፍለ ጊዜ ድልድል፣ መምህርን ከክፍል ማገናኘት፣ የውስጥ ገቢ አጠቃቀም፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ይዘት፣ የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ርእስ ግን በአብዛኛው በትምህርት ቤቱ ይወሰናሉ። ጉልበትዎን እዚህ ላይ ያውሉት።

ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ድልድል በክረምት ይሠራል። ስለዚህ ጥያቄው መጻፍ ያለበት በሚያዝያ ወይም በግንቦት ነው። ነሐሴ ላይ የተጻፈ ጥያቄ መልሱ የሚደርሰው ለሚቀጥለው ዓመት ነው።

ሁለተኛ፦ ሐሳብዎን የሚያስቀይርዎትን ነገር አስቀድመው ያስፍሩ

ይህ እርምጃ አጭር ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። አንድም ጥናት ሳያነቡ ሁለት መስመር ይጻፉ። አንደኛው አሁን የሚያምኑት ነው፦ “የከሰዓት ተማሪዎች በሒሳብ የሚወድቁት በሙቀቱ ምክንያት ይመስለኛል።” ሁለተኛው ደግሞ ሐሳብዎን የሚያስተውዎት ነው፦ “በሁለቱም ፈረቃ አንድ መምህር በሚያስተምርባቸው ክፍሎች ልዩነቱ ከጠፋ ሙቀት ማለቴን እተዋለሁ።” ቀን ጽፈው ይፈርሙበት፤ ምክትልዎም ይፈርሙ።

ይህን ያላደረገ ሰው የሚያነበው ሁሉ ሐሳቡን የሚደግፍለት ይመስለዋል። ስለ ጥናት አጠቃቀም የጻፈችው ካሮል ዋይስ እ.ኤ.አ በ1979 ጥናት በውሳኔ ሰጪዎች እጅ ስንት ዓይነት መልክ እንደሚይዝ ስትዘረዝር፣ አንዱ ቀድሞ ለተያዘ አቋም መከራከሪያ መሆኑን አስቀምጣለች። እኛም ዘንድ ይህ ዓይነቱ በብዛት ይታያል። መምህራን ለደረጃ ዕድገት የሠሯቸው ተግባራዊ ምርምሮች ታስረው መደርደሪያ ላይ የሚቀሩትም የሚጠብቃቸው ጥያቄ ስላልነበረ ነው። የሰው ልፋት እንዲህ ሲባክን ማየት ያሳዝናል። ማስቀረት ግን ቀላል ነው፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርዎን ለሒሳብ ትምህርት ክፍል ይስጡና የዘንድሮው ተግባራዊ ምርምር በእርሱ ላይ እንዲሆን ይስማሙ።

ሦስተኛ፦ የውጭ ጥናት ከመፈለግዎ በፊት የራስዎን መዝገብ ይክፈቱ

ሮስተር፣ የስም መጥሪያ፣ የተከታታይ ምዘና ውጤት መመዝገቢያ፣ የመምህራን ድልድል። እነዚህ አራቱ በየትምህርት ቤቱ አሉ፤ ጎን ለጎን ተዘርግተው የሚታዩት ግን ከስንት አንዴ ነው።

እንበልና የጠዋት ፈረቃ የሒሳብ አማካይ 53፣ የከሰዓት 41 ሆነ። የ12 ነጥብ ልዩነት ነው። “ሙቀቱ ነው” ከማለትዎ በፊት የሚከተሉትን ይጣሩ።

ፈተናው አንድ ነበር? እያንዳንዱ መምህር የራሱን ፈተና አውጥቶ ራሱ ካረመ፣ የሚያነጻጽሩት የተማሪዎቹን ዕውቀት ሳይሆን የመምህራኑን እጅ ነው። በጋራ የወጣ ፈተና ከሌለ አንድ አጭር ፈተና በትምህርት ክፍሉ ያስወጡ፤ ስም ተሸፍኖ በሌላ ክፍል መምህር ይታረም።

ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው? አንድ ክፍል 50 ተማሪ ቢኖረውና ውጤታቸው ከአማካዩ በተለምዶ 15 ነጥብ ያህል ወዲያና ወዲህ ቢራራቅ፣ በሁለት ክፍሎች አማካይ መካከል እስከ 6 ነጥብ የሚደርስ ልዩነት ያለ አንዳች ምክንያት ሊታይ ይችላል። 12 ነጥብ ከዚህ ይበልጣል፤ ስለዚህ መመርመር ይገባዋል። የ4 ነጥብ ልዩነት ቢሆን ኖሮ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም ነበር። በየወሩ ከክፍል ክፍል በሚታይ የሁለትና የሦስት ነጥብ ልዩነት መምህር ሲወቀስና ሲመሰገን ማየት የተለመደ ነው። ፍትሐዊ አይደለም፤ በሒሳብም አይደገፍም።

ማን ነው የሚያስተምረው? ነባር መምህራን ጠዋትን መምረጣቸው የሚጠበቅ ነው። ከሰዓት የተመደቡት በአብዛኛው አዲስ ገቢዎች ከሆኑ፣ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢያዘዋውሩ ውጤቱ እዚያው ይቆያል። በሁለቱም ፈረቃ የሚያስተምር መምህር ካለ የእርሱን ክፍሎች ለብቻ አውጥተው ያነጻጽሩ፤ በአንድ ገጽ ላይ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ መረጃ አያገኙም።

ማን ነው የሚቀረው? የስም መጥሪያውን በሳምንቱ ቀናት ከፋፍለው ይቁጠሩ። ጠዋት በቀፊራ ወይም በታይዋን ገበያ ቤተሰብ ሲያግዝ የዋለ ልጅ ከሰዓት ክፍል ቢገባም ደክሞ ነው። በገጠር ቀበሌዎች ደግሞ ውኃና ከብት አለ። የቀሪዎች ቁጥር በአንድ ቀን ላይ ከተከማቸ ምክንያቱ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ሊሆን ይችላል።

መዝገብ የማይነግርዎትን ልጆቹን ይጠይቁ። ከፊትም ከኋላም ወንበር ጥቂት ተማሪዎችን፣ መምህራቸው በሌለበት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያነጋግሩ። በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የሚያስብ ልጅ በአማርኛ ሲጠየቅ የሚመልሰው አጭሩን መልስ ነው፤ ብዙ ጊዜም እርስዎ መስማት የሚፈልጉትን።

ፈረቃው በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ሥራዎ ይቀላል፤ ያንኑ ልጅ በሁለቱም ጊዜ ማየት ይችላሉ። በሁለት ተከታታይ ሳምንታት ተመጣጣኝ የሆኑ ሁለት አጫጭር ፈተናዎችን ይስጡ።

አራተኛ፦ ሦስት ጥናት ይፈልጉ፤ አንዱ ከእርስዎ የሚቃረን ይሁን

ብዙ መሰብሰብ አያስፈልግም። ቅርብ ካለው ይጀምሩ። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በቤተ መጻሕፍቶቻቸው የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፎች አሉ፤ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው መምህራን የሆኑባቸው ጥቂት አይደሉም። አካባቢያችንን ስለሚያውቁ ችግሩን በትክክል ይገልጻሉ። ሆኖም ብዙዎቹ በመጠይቅ የሰበሰቡት አስተያየት ነው። “መምህራን ሙቀት ትምህርትን ይጎዳል ብለው ያምናሉ” እና “ሙቀት ውጤትን በዚህ ያህል ቀነሰ” የተለያዩ ግኝቶች መሆናቸውን አይርሱ።

በአገር ደረጃ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ምርምር ተቋም የሚያሳትመው የትምህርት ጆርናል አለ። ከ1992 ዓ.ም ጀምሮ በ4ኛና በ8ኛ ክፍል ላይ በየጊዜው የተካሄደው ብሔራዊ የትምህርት ምዘናም ሪፖርቶች አሉት። ጥያቄዎ የንባብ ከሆነ እ.ኤ.አ በ2010 የተካሄደውን የታችኛ ክፍል የንባብ ምዘና ይፈልጉ። በስድስት ቋንቋዎች የተሠራ ነው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪኛ አሉበት። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙዎቹ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ያሳየ ምዘና ነው፤ የታችኛ ክፍል ንባብ ከዚያ ወዲህ አገራዊ አጀንዳ የሆነው በአብዛኛው በእርሱ ምክንያት ነው።

ዓለም አቀፍ ጥናት ለመፈለግ ጉግል ስኮላር በቂ ነው፤ ብዙው ጽሑፍ በነጻ ይወርዳል። እንግሊዝኛው ከከበደዎት የእንግሊዝኛ መምህራንን ያሳትፉ። መምህራን በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ እንዲያውሉ ይጠበቃል፤ ከዚያ ላይ ሁለት ሰዓት ወስዶ አንድን ጥናት በጋራ ማንበብ ለሰዓቱ ክብር መስጠት ነው። ሲያነቡ አጠቃሎውን ያንብቡና በቀጥታ ወደ ሁለት ቦታ ይሂዱ፤ እነማን እንደተጠኑ ወደሚነግረው ክፍልና የውጤት ሠንጠረዡ ወዳለበት።

አምስተኛ፦ ጥናቱን ይጠይቁ

እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ለምሳሌያችን የሚሆኑ ሁለት ጥናቶችን እንይ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ በ2016 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ነው። የአገሪቱን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ብሔራዊ ፈተና ውጤቶች መርምሮ፣ ፈተናው በቀኑ ውስጥ በአንድ ሰዓት በዘገየ ቁጥር ውጤቱ የስታንዳርድ ዲቪዬሽንን፣ ማለትም ውጤቶች ከአማካዩ በተለምዶ የሚራራቁበትን መጠን፣ 0.9 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አገኘ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዕረፍት ከተሰጠ ደግሞ ውጤቱ መልሶ ይሻሻላል። ይህን ወደ ሮስተርዎ ቋንቋ ይለውጡት። ውጤት በ15 ነጥብ በሚራራቅበት ክፍል 0.9 በመቶ ማለት ከአንድ ነጥብ ሁለት አሥረኛ እንኳ አይሞላም። አምስት ሰዓት ቢዘገይ አንድ ነጥብ አይደርስም። ስለዚህ “ከሰዓት ልጆች ይደክማሉ፤ ጥናትም ያረጋግጣል” ብሎ የ12 ነጥብ ልዩነትን በዚህ ማስረዳት አይቻልም። ግኝቱ ትክክል ነው፤ መጠኑ ግን የእርስዎን ችግር አይሸከምም። ማንኛውንም ጥናት ሲያነቡ “ጠቀመ ወይስ አልጠቀመ” ላይ አይቁሙ፤ በስንት ነጥብ እንደሆነ ያስሉ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው። ከአንድ ጊዜ በላይ የተፈተኑ 10 ሚሊዮን ያህል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ውጤት ከሙቀት መረጃ ጋር አገናኝቷል። አየር ማቀዝቀዣ በሌለበት ትምህርት ቤት ዓመቱ በአንድ ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሞቀ፣ የዚያ ዓመት ትምህርት በ1 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ማቀዝቀዣ ባለበት ጉዳቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ለእኛ የሚጠቅም ነው፤ ነገር ግን ያነጻጸረው ሞቃት ዓመትን ከቀዝቃዛ ዓመት ጋር ነው እንጂ ጠዋትን ከከሰዓት ጋር አይደለም። የሚነግረን አቅጣጫ ነው፦ ሙቀት በእርግጥ ትምህርት ይሰርቃል፣ ክፍልን ማቀዝቀዝም ይከላከላል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሚማሩ ልጆች ይህ ትልቅ መልእክት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጥናት ይዘው በአንድ ቀን ስብሰባ የተቀመጡ የሁለቱ ከተሞች ርእሳነ መምህራን እኩል ክብደት ሊሰጡት አይገባም።

አንድ ጥናት ከሌላ አገር ወደ እኛ ይመጣ እንደሆነ ለማወቅ የምጠይቀው “በምን በኩል ነው የሠራው?” ብዬ ነው። በኬንያ ገጠር የተካሄደና እ.ኤ.አ በ2009 የታተመ ጥናት መማሪያ መጽሐፍ መታደሉ የተማሪዎችን አማካይ ውጤት ከፍ እንዳላደረገ አሳይቷል። የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ናቸው። ርእሱን ብቻ ያየ ሰው መጽሐፍ አያስፈልግም ይላል። ምክንያቱን ያነበበ ግን መጽሐፉ የተጻፈው ለአብዛኞቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው በሆነው በእንግሊዝኛ እንደነበር፣ ብዙዎቹም ማንበብ እንዳልቻሉት ያያል። ያ ምክንያት እኛ ዘንድ በእንግሊዝኛ መማር በሚጀመርበት ክፍል በእርግጥ አለ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለሚማር የ2ኛ ክፍል ልጅ ግን አይሠራም። እንደዚሁ በላቲን ፊደል ለሚያነብ የኦሮምኛ ወይም የሶማሊኛ ተማሪ የተሠራ የንባብ ዘዴ፣ 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ለሚለማመድ የአማርኛ ተማሪ እንዳለ አይገለበጥም።

የተነጻጸረው ከምን ጋር እንደሆነም ይመልከቱ። ስለ ክፍል መጠን ሲነሳ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው በአሜሪካዋ ቴነሲ እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ የተካሄደው ሙከራ ከ13 እስከ 17 ተማሪ ያለበትን ክፍል ከ22 እስከ 25 ካለበት ጋር ያነጻጸረ ነው። ከ70 ወደ 55 መቀነስ ምን እንደሚያመጣ አይናገርም። በኢትዮጵያ ከ2002 እ.ኤ.አ ጀምሮ 3,000 ያህል ልጆችን ለዓመታት የተከታተለው ያንግ ላይቭስ የተሰኘው ጥናትም እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የተካሄደው ግን በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል ነው። “የኢትዮጵያ ልጆች” ሲል የድሬዳዋና የሐረሪ ልጆች እንዳልተካተቱ አውቆ ማንበብ ይገባል።

ስድስተኛ፦ በትንሹ ይሞክሩ

መዝገቡና ጥናቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ካመለከቱ እንኳ ለሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ አያውጁ። በምሳሌያችን ጥናቶቹ በከፊል ይጋጫሉ። የዴንማርኩ ሒሳብን ወደ ቀደመ ክፍለ ጊዜ ያምጡ ይላል፤ በድሬዳዋ ከሰዓት ግን ሙቀቱ የሚበረታው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ውስጥ ስለሆነ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሊሻል ይችላል። ይህን የሚፈታው ሙከራ ብቻ ነው።

አራት ክፍሎች ካሉ በመምህራን ፊት ዕጣ ይጣል። ሁለቱ ሒሳብን በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ይማሩ፣ ሁለቱ እንደነበሩ ይቆዩ። ዕጣው ግድ ነው፤ ፈቃደኛ መምህር ብቻ ከመረጡ የሚለኩት ትጋቱን ነው። ከመጀመርዎ በፊት መነሻ ፈተና ይስጡ። ከፀሐይና ከግድግዳ ርቆ የሚሰቀል ቴርሞሜትር በየክፍሉ ያኑሩና የክፍል አለቃው በየክፍለ ጊዜው ይመዝግብ። በጥር፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲያልቅ፣ ያንኑ የጋራ ፈተና ይስጡና ክፍሎቹን ያቀያይሩ። አራት ክፍል ጥቂት ነው፤ ማቀያየሩ ግን እያንዳንዱን ክፍል ከራሱ ጋር ለማነጻጸር ያስችልዎታል። ሁለተኛው መንፈቅ ወደ ግንቦት ሙቀት ስለሚገባ የሁለቱን መንፈቆች ውጤት በደፈናው አይደምሩ፤ በየመንፈቁ ሁለቱን ቡድኖች ያነጻጽሩ።

ልጅን የሚጎዳ ነገር ለሙከራ አይቀርብም፤ የሚጠቅም መሆኑ የታወቀም በሙከራ ስም አይከለከልም። የመጠጥ ውኃና አጭር ዕረፍት ለሁሉም ነው።

ሰባተኛ፦ ስብሰባው ላይ

አንድ ገጽ ብቻ ይዘው ይግቡ። ጥያቄው፣ የራሳችን መዝገብ ያሳየው፣ ጥናቶቹ ያሉት፣ እርግጠኛ ያልሆንበት። ወላጆች ባሉበት የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ ገጹ በሚሰሙት ቋንቋ ይነገር፤ በአንድ ሰብሳቢ አማርኛ የሚያልቅ ስብሰባ በእኛ ከተማ ግማሹን ቤት ውጭ ያስቀራል።

ርእሰ መምህሩ መጨረሻ ላይ ይናገር። አለቃ ከተናገረ በኋላ የሚነሳው እጅ ለድጋፍ ነው። አንድ የተከበረ መምህር “ይህ ለምን አይሠራም?” የሚለውን እንዲያቀርብ አስቀድመው ይጠይቁት፤ ተቃውሞው ሥራው ስለሆነ ማንም አይቀየመውም። የገበያ ሥራ ያላቸው እናቶች ስለ ልጆቻቸው መቅረት የሚያውቁትን ማንም ጆርናል አልጻፈውም፤ ስለዚህ ተራ ሲሰጥ ከቢሮ እንግዳ በፊት ለእነርሱ ይሁን።

ወደ ላይ ለሚላከው ሪፖርትም ሙከራውን በስሙ ይጥሩት። “የክፍለ ጊዜ ሙከራ፣ በሁለት ክፍሎች፣ ውጤቱ በጥር ይታወቃል” ብሎ መጻፍ “100 በመቶ ተከናውኗል” ከማለት የበለጠ ያስከብራል። ሱፐርቫይዘሮች፣ እባካችሁ እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲደርሳችሁ በመቶኛ ሙሉ ብላችሁ አትመልሱት።

ስምንተኛ፦ ቃለ ጉባኤና ማኅደር

ቃለ ጉባኤው አራት ነገር ይያዝ፦ ምን እንደተወሰነ፣ በምን ማስረጃ፣ ምን ከታየ እንደሚቋረጥ፣ መቼ ተመልሶ እንደሚታይ። የመጨረሻው ያለ ቀን ከተጻፈ እንዳልተጻፈ ይቆጠር። ቀኑ ሲደርስ ውጤቱ አልታየም ከሆነ ይቁም፤ ያም ይጻፍ። ያልሠራን ነገር መዝግቦ ማስቀመጥ ለሚቀጥለው ሰው አንድ ዓመት ያተርፍለታል።

ርእሳነ መምህራን ይዛወራሉ፤ በዝውውር ጊዜ ርክክብ የሚደረገው በወንበርና በማኅተም ላይ ነው። የዚህ ሥራ ማኅደርም በርክክቡ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። የመጀመሪያው የተፈረመበት ጥያቄ፣ የሮስተሩ ማነጻጸሪያ፣ የሦስቱ ጥናቶች ማጠቃለያ፣ የቴርሞሜትሩ መዝገብ፣ የፈተናዎቹ ወረቀትና ቃለ ጉባኤው አንድ ላይ ይታሰሩ። ቅጂው በክላስተር ማዕከሉ ይቀመጥ፤ በሳቢያን የተሞከረውን የገንደ ቆሬ ወይም የመልካ ጀብዱ ርእሰ መምህር ከዚያ ወስዶ ያንብበው፣ የመነሻ ፈተናውንም እንዳለ ይጠቀምበት።